የአውሮራው ጋራዥ ማሞቂያ፤ ከቀለጠው ስፒና እስከ 30 አምፔሩ ብሬከር

ቦታው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ከዴንቨር ጎን። ጋራዡ ከቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ፣ ሁለት መኪና የሚይዝ ነው። ወለሉ 20 ጫማ በ22 ጫማ (6.1 በ6.7 ሜትር)፣ ቁመቱ 9 ጫማ። ግማሹ የእንጨት ሥራ ቦታ ሆኗል፤ በሌላው ግማሽ መኪና ይቆማል፣ ጥጉ ላይ የእንጀራ ምጣድ ተቀምጧል። ግቡ ውጭው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ውስጡን 13 ላይ ማቆየት ነው። ብዙዎቹ የእንጨት ኮላዎች ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች በደንብ አይዙም፤ ሲደርቁ ነጭ ዱቄት ይመስላሉ፣ መጋጠሚያውም በእጅ ሲመታ ይላቀቃል። 13 ላይ ጥቂት መጠባበቂያ አለ።

1ኛ ቀን፣ ቅዳሜ። ባለው ሂተር መለካት

አዲስ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ባለው 1,500 ዋት፣ 120 ቮልት ተንቀሳቃሽ ሂተር ተሞከረ። ውጭ ከዜሮ በታች 5፣ ውስጥ 1 ዲግሪ። ሂተሩ ለ3 ሰዓት ተኩል ሳይጠፋ ሠራ። በመጨረሻ በሥራ ጠረጴዛው ቁመት ላይ ቴርሞሜትሩ 5 አለ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሂተሩ ደካማ ነው፣ ሴራሚኩ ይሻላል፣ ኢንፍራሬዱ ይሻላል" ብሎ ሁለተኛ ሂተር ይገዛል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁሉ የበላውን ዋት ያንኑ ያህል ሙቀት አድርጎ ያወጣል። በ30 ዶላር የተገዛው 1,500 ዋትም በ200 ዶላር የተገዛው 1,500 ዋትም በሰዓት 5,100 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣሉ። ልዩነታቸው ሙቀቱን የት እንደሚያደርሱት ነው። ኢንፍራሬዱ አየሩን ትቶ ፊቱ የቆመውን ሰውና ዕቃ ያሞቃል፤ አንድ ቦታ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፣ ኮላ ለማድረቅ ግን ከፊቱ ያለውን ጣውላ ብቻ ነው የሚያደርቀው።

2ኛ ቀን፣ እሑድ። ስፒናው

ሂተሩ ሲነቀል ስፒናው እጅ የሚያቃጥል ሆኖ ተገኘ። በአንዱ ጥርስ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል፤ ሶኬቱም በዚያው በኩል ትንሽ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ወጣ። ምንም ሳይሰካ ሶኬቱ ላይ 121 ቮልት ነበር፣ ሂተሩ ሲበራ 113 ሆነ። በክላምፕ ሜትር የተለካው ከረንት 11.8 አምፔር። 8 ቮልቱ በመንገድ ቀረ ማለት ነው፤ 8 በ11.8 ሲባዛ 94 ዋት ይሆናል። ይህ 94 ዋት ክፍሉን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦና የላላውን መጋጠሚያ ሲያሞቅ ነበር። ሂተሩ ራሱ የሚያገኘው 1,330 ዋት ብቻ ነው።

ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ሶኬቱ ተፈቶ ታየ። ሽቦዎቹ በጎን ባሉት ቪቴዎች አልታሰሩም፤ ከጀርባው ባለች ቀዳዳ ተገፍተው ነው የገቡት፣ በውስጥ የሚይዛቸው ቀጭን ሞላ ብቻ ነው። ለስልክ ቻርጀር ይበቃል። ለሰዓታት 12 አምፔር ሲሄድበት ግን ሞላው ይግላል፣ ይላላል፣ ሲላላ ደግሞ የበለጠ ይግላል። በዚያው ሳምንት ቢቀጥል ኖሮ እሳት ነበር።

ሶኬቱ በ20 አምፔር ሶኬት ተለወጠ (መስመሩ 12 ቁጥር ሽቦ፣ ብሬከሩም 20 አምፔር መሆኑ ከታየ በኋላ ነው፤ በ15 አምፔር መስመር ላይ 20ውን ሶኬት ማድረግ አይፈቀድም)። ሽቦው በቪቴው ዙሪያ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ጠበቀ። የሂተሩ ስፒናም ተቆርጦ በአዲስ ተተካ። አንዴ የተቃጠለ ጥርስ አዲሱን ሶኬት ያበላሻል። ዳግም ሲለካ 117.5 ቮልት፣ 12.2 አምፔር።

የምጣዱ ነገር፦ በ120 ቮልት የሚሠራ የእንጀራ ምጣድ ከሂተሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከተሰካ ብሬከሩ መዝለሉ የማይቀር ነው። ብሬከር ዘለለ ብሎ በትልቅ መለወጥ ደግሞ ቤት ማቃጠል ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ኤክስቴንሽንም ለሂተር አይሆንም፤ ቀጭኑ ኤክስቴንሽን ሲጠቀለል ሙቀቱን ራሱ ላይ ያከማቻል።

3ኛ ቀን። ሂሳቡ

ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ ለማወቅ የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በውስጥና በውጭ ባለው ልዩነት (20 ዲግሪ) ተባዝቶ ለመከላከል አቅሙ ተካፈለ፣ ከዚያ ሁሉም ተደመረ። ግምት ነው፤ ግን የሚያሳስት ግምት አይደለም፦

ኮርኒሱ 41 ካሬ ሜትር፣ ከላዩ ምንም ኢንሱሌሽን (የሙቀት መከላከያ) የለም፦ 1,640 ዋት ገደማ።
የመኪናው በር 16 በ7 ጫማ፣ ነጠላ ቆርቆሮ፦ 1,250 ዋት።
በስንጥቅ የሚገባው ንፋስ፦ 1,230 ዋት።
የወለሉ ሊሾ ጠርዝ፦ 450 ዋት።
ግድግዳው (አር 13 ኢንሱሌሽን አለው፤ የአር ቁጥሩ ሲጨምር መከላከሉ ይጨምራል)፦ 370 ዋት።

ድምሩ 4,900 ዋት አካባቢ። 1,330 ዋት ይዞ ይህን መዋጋት በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ብቻ ከ4,000 ዋት በላይ ይበላሉ፤ ሦስቱም ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ሥራ የሚዘጉ ናቸው። ስለዚህ ትልቁ ሂተር ወደ መጨረሻ ተገፋ።

8ኛ ቀን፣ ቅዳሜ። በሩ

መጀመሪያ ንፋሱ። ቀን ላይ መብራት አጥፍቶ በሩን ዘግቶ ከውስጥ መቆም ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ብርድም ይገባበታል። በግራ ጥግ ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። የበሩ የታችኛው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሲወጣ ጎማው የሚገባበት የአሉሚኒየም ቦይ ስንት እንደሆነ መለካት አለበት፤ የጎማው ሁለት ጆሮዎች በ1/4 ኢንች እና በ5/16 ኢንች ይመጣሉ፣ ካልተመሳሰለ ወይ አይገባም ወይ ይወልቃል። በሳሙና ውኃ አርጥቦ መሳብ ሥራውን ያቀለዋል።

በጎንና ከላይ ክንፍ ያለው የፕላስቲክ መዝጊያ በምስማር ተመታ። ክንፉ በሩን በትንሹ ተጭኖ እንዲታጠፍ ብቻ ነው የሚፈለገው። በጣም ከተጠጋ በሩ ሲዘጋ ይጎትተዋል፣ ሞተሩም እንቅፋት ያገኘ መስሎት ወደ ላይ ይመልሰዋል።

ከወለሉ ላይ የሚለጠፈው የጎማ ደፍ ነገር አሳሳተ። ሊሾው ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ደፉ ተለጠፈ። በማግሥቱ በሩ ወርዶ ይነካና ተመልሶ ይነሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወለሉ በደፉ ውፍረት ከፍ ብሏል፣ ሞተሩ ግን የድሮውን ማቆሚያ ነው የሚያስታውሰው። የመውረጃው ልክ እንደገና ሲስተካከል ተፈታ። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ፍተሻ፦ አንድ ጣውላ ጠፍጣፋውን ወለሉ ላይ አድርጎ በሩን መዝጋት፤ ነክቶ ካልተመለሰ አይቶ ማለፍ የለም።

9ኛ ቀን፣ እሑድ። የበሩ ፎም

ለጋራዥ በር የሚሸጠው፣ ፊቱ በነጭ ፕላስቲክ የተሸፈነ ፎም ተገዛ፤ በሳጥኑ ላይ አር 8 ይላል። በሩ በየክፍሉ ብረት ስላለውና ብረቱ ሙቀት ስለሚያሻግር በተግባር አምስት ቢያገኙ ደስ ይበላችሁ። ተራውን ነጭ ፎም ከሱቅ ቆርጦ መለጠፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሽፋን የሌለው ፎም እሳት ሲነካው በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም ይገድላል።

ሁለት ስሕተት ተሠራ። አንደኛ፣ በሩ በረዶ እንደሆነ ተለጠፈ፤ ከምሳ በኋላ አራቱ ቁራጮች ወድቀው ወለል ላይ ተገኙ። ቆርቆሮው በአልኮል ተወልውሎ፣ በሂተሩ ለብ እንዲል ተደርጎ ሲለጠፍ ያዘ። ሁለተኛ፣ ቁራጮቹ በልኩ ነበር የተቆረጡት። በሩ ሲነሳ በማጠፊያው ላይ ሲታጠፍ ፎሙ ተገፋፍቶ ጎበጠ። እያንዳንዱ ቁራጭ በከተር ከላይና ከታች ግማሽ ሴንቲሜትር ተቀነሰለት።

ፎሙ በሩን በጥቂት ኪሎ ያከብደዋል። ሞተሩን ነቅሎ በሩን በእጅ ወገብ ድረስ አንስቶ መልቀቅ፤ ባለበት ከቆመ ሚዛኑ ደህና ነው። ይህኛው ቀስ ብሎ ወረደ። ከላይ ያለው የተጠመዘዘ ሞላ በባለሙያ አንድ አራተኛ ዙር ተጨመረለት። ያን ሞላ በካቻቢቴ ለመፍታት መሞከር ክንድ ያሰብራል፤ የእጅ ሥራ የሚወድ ሁሉ እዚያ ላይ ይቁም።

15ኛ ቀን። ኮርኒሱ

ከላይ ባለው ክፍት ቦታ ላይ የሚነፋ ሴሉሎስ (ከተፈጨ ወረቀት የተሠራ ኢንሱሌሽን) እስከ አር 38 ድረስ ተነፋ፤ ውፍረቱ ከ10 ኢንች ይበልጣል። ሴሉሎሱን የሸጠው ሱቅ ነፊውን ማሽን ለአንድ ቀን ያውሳል። ሁለት ሰው ይፈልጋል፦ አንዱ ታች ሆኖ ከረጢቱን ይበትናል፣ አንዱ ላይ ሆኖ ቱቦውን ይይዛል። የአየር መተላለፊያ የሆነው የጣሪያው ጠርዝ መደፈን የለበትም፤ ከተደፈነ እርጥበት ይጠራቀምና ጣውላው ይበሰብሳል። ከመንፋት በፊት የሽቦ ቀዳዳዎች ሁሉ በእሳት መከላከያ ሲልከን ተዘጉ።

ቤቱንና ጋራዡን የሚለየው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አውጥቶ የቤቱን ሙቀት ወደ ጋራዥ ማስገባት ይቻል ይሆን የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። አይቻልም። ያ ግድግዳ የእሳትና የመኪና ጭስ መከለያ ነው። ከሰል ማንደጃም ጋራዥ ውስጥ አይገባም፣ በሩ ገርበብ ቢልም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። በፕሮፔን የሚሠራ ሂተርም ቢሆን አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ 1.6 ኪሎ ውኃ በእንፋሎት ያወጣል፤ ያ ውኃ ቀዝቃዛው የመሰንጠቂያ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ጤዛ ይሆንና በማግሥቱ ዝገት ነው።

16ኛ ቀን። ዳግም ልኬት

ያው የድሮው ሂተር፣ ያው ሶኬት። ውጭ ከዜሮ በታች 4። ውስጥ 4 ብሎ ጀመረ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ 11 ገባ፣ ገና እየጨመረም ነበር። ሌላ ሂተር ሳይጨመር ነው። የምጣዱ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሊጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ኩፍ አለ።

አሁን በሂሳቡ መሠረት 20 ዲግሪ ልዩነት ለማቆየት 1,600 ዋት ገደማ ይበቃል። ታዲያ ትልቁ ሂተር ለምን? ማቆየትና ማሞቅ ይለያያሉና። ሊሾው፣ ማሽኖቹ፣ የተደረደረው ጣውላ ሁሉ ብርድ ጠጥተዋል። በ1,500 ዋት ጠዋት ተከፍቶ ከሰዓት በኋላ ነው ሥራ የሚጀመረው። በየቀኑ የማይሠራበት ጋራዥ ከሆነ ትልቅ ሂተር ለአጭር ጊዜ ማብራት ይሻላል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሠራ ግን እዚህ ላይ ቢያቆምና ሂተሩን ማለዳ ቢከፍት ገንዘቡን አተረፈ።

22ኛ ቀን። ኤሌክትሪኩ

የተመረጠው 5,000 ዋት፣ 240 ቮልት፣ ኮርኒስ ላይ የሚሰቀል ባለ ቬንትሌተር ሂተር ነው። 5,000 ለ240 ሲካፈል 20.8 አምፔር። ሂተር ሳያቋርጥ እንደሚሠራ ጭነት ስለሚቆጠር በ1.25 ይባዛል፦ 26 አምፔር። ስለዚህ 30 አምፔር ባለ ሁለት ምሰሶ ብሬከር (ሁለቱን ሕያው ሽቦዎች አብሮ የሚቆርጥ)፣ 10 ቁጥር የመዳብ ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)። 7,500 ዋት ቢሆን 39 አምፔር ይደርሳል፤ 40 አምፔር ብሬከርና 8 ቁጥር ሽቦ ይጠይቃል።

የቤቱ ዋና መስመር 100 አምፔር ነው። ልብስ ማድረቂያው በኤሌክትሪክ፣ ምድጃውና የቤቱ ማሞቂያ በጋዝ፤ ኤር ኮንዲሽነሩ በክረምት አይሠራም። ይበቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ያለው ቤት ግን ይህን ስሌት ከባለሙያ ጋር ሳይሠራ አይጀምር።

ብሬከሩ የብሬከር ሳጥኑ አምራች የፈቀደው መሆን አለበት፤ የሌላ ፋብሪካ ብሬከር ገጥሞ ሊገባ ይችላል፣ ግን በሳጥኑ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ከሚያከፋፍለው የብረት ባር ጋር በደንብ አይነካካም። ከሳጥኑ እስከ ሂተሩ 14 ጫማ በብረት ቱቦ ውስጥ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ ሽቦ ተጎተተ። ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) አያስፈልግም። በቱቦ ፈንታ ነጭና ጥቁር ያለበት ኬብል የሚጠቀም ሰው ነጩን በሁለቱም ጫፍ በጥቁር ወይም በቀይ ቴፕ ይጠቅልለው፤ ነገ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው ነጩን ኒውትራል ነው ብሎ እንዳይነካው። ቪቴዎቹ በብሬከሩ ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ ካቻቢቴ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ) ጠበቁ። በእጅ ስሜት "በቃ" ማለት 2ኛው ቀን ላይ የታየውን ስፒና ነው የሚያመጣው።

ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከመንገድ የሚገባው ሽቦ ሁልጊዜ ሕያው ነው። ይህን የማያውቅ ሳጥኑን አይክፈት፤ ባለ ፈቃድ ኤሌክትሪሺያን ይጥራ። ሥራው በከተማው ፈቃድ ነው የተሠራው፣ ተቆጣጣሪው በሦስተኛው ቀን መጥቶ አየው።

አንድ ነገር ለኮንዶሚኒየምና ለንግድ ሕንፃ ተከራዮች፦ ብዙ ትልልቅ ሕንፃዎች 240 ሳይሆን 208 ቮልት ነው ያላቸው። ያው 5,000 ዋት ሂተር እዚያ 3,750 ዋት ብቻ ይሰጣል። ወደ አገር ቤት ለመላክ ላሰበም በ220 ቮልት 4,200 ዋት ያህል ይሰጣል፣ በ50 ኸርዝ ደግሞ ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል።

25ኛ ቀን። መስቀል

ሂተሩ የተሰቀለው በድራይዎሉ (የኮርኒሱ ጂፕሰም ቦርድ) ላይ አይደለም። የኮርኒሱ እንጨቶች በ24 ኢንች ርቀት ስለሆኑ በመካከላቸው 2 በ6 እንጨት ተመታ፣ መስቀያው በዚያ ላይ በ5/16 ኢንች ቡሎን ታሰረ። ከግድግዳና ከኮርኒስ የሚርቀው ልክ በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ያ ቁጥር ምክር አይደለም። የመኪናው በር ሲከፈት ኮርኒሱ ሥር የሚያርፍበት ቦታም መታየት አለበት። በሩ ተከፍቶ ሂተሩ ከበራ ፎሙ ፊቱ ላይ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ምልክት ቦታው በ70 ሴንቲሜትር የተገፋው ለዚህ ነው።

ፊቱ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ዞሮ፣ ክንፎቹ ወደ ታች 45 ዲግሪ ተደረጉ።

29ኛ ቀን፣ ቅዳሜ። ሁለት ችግር

አንደኛው፦ ሂተሩ ለ15 ደቂቃ ይሠራና ይጠፋል፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ገና 9 ዲግሪ ነው። ልኬት ሲወሰድ ኮርኒሱ ሥር 21፣ በጠረጴዛ ቁመት 9፣ ሊሾው ላይ 6። የሂተሩ ቴርሞስታት (ሙቀቱን አይቶ የሚያበራውና የሚያጠፋው) ያለው በሂተሩ ውስጥ፣ ማለትም ሙቀቱ ወጥቶ በሚጠራቀምበት ነው። እሱ እንደሚለው ሥራው አልቋል።

ስለዚህ የግድግዳ ቴርሞስታት ተገጠመ፦ የ240 ቮልቱን መስመር በቀጥታ የሚቆርጥ፣ 22 አምፔር የሚችል። በ20.8 አምፔር ልክ ጥግ ላይ ነው፣ ግን ይችላል። ከዚህ ሁለተኛው ችግር ተወለደ። ቴርሞስታቱ ሲቆርጥ ቬንትሌተሩም አብሮ ቀጥ ይላል። የጋለው ሪዚስታንስ ሙቀቱን የሚወስድለት ንፋስ ያጣል፣ ሙቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የደኅንነት ማቋረጫው ይዘላል። መሰላል ወጥቶ በእጅ ካልተመለሰ አይነሳም። የዴንቨር አካባቢ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ መሆኑም አላገዘም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቬንትሌተሩ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

መፍትሔው ያ ቴርሞስታት ወጥቶ በ24 ቮልት መቆጣጠሪያ መተካቱ ነው። ይህኛው ኃይሉን አይቆርጥም፣ ለሂተሩ "አቁም" ይለዋል፤ ሪዚስታንሱ ይጠፋል፣ ቬንትሌተሩ ግን ጥቂት ደቂቃ ዞሮ ያበርደዋል። ሂተር ሲገዛ ይህን ዓይነት መቆጣጠሪያ ይቀበል እንደሆነ መመሪያው ላይ ማየት 60 ዶላር ያድናል። አዲሱ ከቤቱ ጋር በሚያያዘው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር፣ ከሂተሩ ንፋስ ውጭ ተተከለ። አንድ ትንሽ ቬንትሌተርም ኮርኒሱ ሥር ወደ ታች እንዲነፋ ተሰቀለ፤ የላይና የታች ልዩነቱ ከ15 ወደ 6 ዲግሪ ወረደ።

36ኛ ቀን። የመጨረሻው ልኬት

ውጭ ከዜሮ በታች 8። ከ3 ዲግሪ ተነስቶ አየሩ 13 የገባው በ40 ደቂቃ ነው። ይህ ግን ያታልላል፦ የጣውላው ገጽ በዚያ ሰዓት ገና 7 ነበር። ኮላ የሚቀባው አየሩ ላይ አይደለም። ጣውላው 11 የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ኮላ ያለበት ቀን ሂተሩ ከሁለት ሰዓት በፊት ይከፈታል፣ ኮላው ራሱ ቤት ውስጥ ያድራል።

ከሞቀ በኋላ ሂተሩ በሰዓት ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ በአማካይ 1,670 ዋት። የ16ኛው ቀን ግምት 1,600 ነበር። ኪሎዋት ሰዓቱ 15 ሳንቲም ቢሆን ሞቆ ያለ ጋራዥ በሰዓት 25 ሳንቲም ይበላል። በድሮው ቆርቆሮ በርና ባዶ ኮርኒስ ያው ሙቀት ከ75 ሳንቲም በላይ ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ

የቤንዚን ጀሪካኑ ወደ ውጭ ወጣ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሂተሩ ከፍ ብሎ መሰቀሉ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፣ ግን ዋስትና አይደለም። ቫርኒሽና ቲነር የሚነካበት ቀን ሂተሩ ከብሬከሩ ይጠፋል፣ በሩ ይከፈታል።

ሰጋቱራው በአንድ ወር ውስጥ ሪዚስታንሱ ላይ ግራጫ ፀጉር አበቀለ። መጀመሪያ የሚታወቀው በጠረኑ ነው፤ እንጀራ ያረረ ይመስላል፣ ምጣዱ ግን አልተጣደም። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ሂተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ በኮምፕሬሰር ከጀርባ ወደ ፊት መንፋት። እንጨት በብዛት በሚሰነጠቅበት ሳምንት በየቅዳሜው፣ ካልሆነ በወር አንዴ።

ያልተጠናቀቀው አንድ ነገር መኪናው ይዞት የሚገባው በረዶ ነው። ሞቅ ባለው ጋራዥ ይቀልጣል፣ ሊሾው ላይ ይተኛል፣ የማሽኑ ጠረጴዛ በማግሥቱ ጠዋት ይረጥባል። ለጊዜው ከመኪናው ሥር ጠርዝ ያለው ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ብረቱም በሰም ይታሻል። ለምጣዱ የራሱ 20 አምፔር መስመር በሚመጣው ቅዳሜ ይጎተታል።